የቆየ ባለናፍጣ ፒክአፕ ኃይሉ እየመጣ የሚሄድበት ምክንያትና የምርመራው ሥርዓት

በንግድ ሥራ ዕቃን ከመጋዘን ወደ ሱቅ፣ ከገጠር ገበያ ወደ ማከማቻ የሚያደርስ መኪና እንደ ሚዛኑና እንደ ገንዘብ ሣጥኑ ሁሉ የነጋዴው የሥራ መሣሪያ ነው። ሁልጊዜ የሚያጐድል ሚዛን ጉድለቱ ቶሎ ስለሚታወቅ ይታረማል፤ አንድ ቀን አስተካክሎ አንድ ቀን የሚያጐድል ሚዛን ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ኃይሉ አንድ ጊዜ ደክሞ አንድ ጊዜ የሚመለስ መኪናም እንደዚሁ ነው። ጋራዥ ሲቀርብ ምንም አይገኝበትም፤ ጭኖ ዳገት ሲጀምር ይደክማል፤ ጥቂት ቆሞ ሲነሣ ደግሞ ምንም እንዳልነበረበት ሁሉ ይሄዳል።

ከዚህ የሚመጣው ጉዳት ብዙ ነው። ዕቃው በቀጠሮው ቀን ስለማይደርስ የደንበኛው እምነት ይቀንሳል። መኪናው ሌላውን ሊቀድም በወጣበት ቅጽበት ኃይል ቢያጣ የሰው ሕይወት ለአደጋ ይጋለጣል። ባለንብረቱም ምክንያቱን ሳያውቅ ዕቃ በዕቃ እየለወጠ ገንዘቡን ያባክናል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ጥርጣሬ ይገባል። ሾፌሩ «መኪናው አልሄድ አለኝ» ሲል ባለንብረቱ «ናፍጣውን ሸጦ ላምባ ጨምሮበት ይሆናል» ብሎ ያስባል፤ መካኒኩ «ምንም የለውም» ሲል ሾፌሩ «በደንብ አላየውም» ይላል። ሦስቱም እውነተኞች ሆነው ሳሉ ሦስቱም ይካሰሳሉ፤ ጥፋቱ ግን ምናልባት ዋጋው እጅግ አነስተኛ በሆነ በአንድ የጎማ ቱቦ ላይ ነው።

ይህን ችግር ለማቃለል ነጋዴው መካኒክ መሆን አያስፈልገውም። ሊያውቀው የሚገባው አንድ ዋና ነገር አለ፤ ይኸውም የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት ምክንያቱን የሚናገረው በሚመጣበት ሰዓትና ሁኔታ መሆኑን ነው። ስለዚህ ከመፍታት በፊት መመዝገብ፣ ውዱን ከመንካት በፊት ርካሹን መመርመር፣ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ይገባል። በዚህ ሥርዓት የማይሄድ ጥገና፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ሳይቆይ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ሞተሩ ኃይል የሚያገኝበት መንገድ

ሩዶልፍ ዲዝል የሠራው የመጀመሪያው የተሳካ ሞተር በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ የተፈተነው በ1897 እ.ኤ.አ. ነበር። የሥራው መሠረት ዛሬም ያው ነው። ሞተሩ አየር ብቻ ይስባል፤ ያን አየር አጥብቆ ሲጨቁነው አየሩ እጅግ ይግላል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍጣ ሲረጭበት ያለ ኤሌክትሪክ ብልጭታ በራሱ ይቀጣጠላል። በአገራችን መንገዶች ላይ ለብዙ ዓመታት ሲያገለግሉ የሚታዩት የቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፖች ለምሳሌ 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል የተባሉትን ሞተሮች የያዙ ናቸው። መጠናቸውም በቅደም ተከተል 2,446፣ 2,779 እና 2,986 ሳንቲ ሜትር ኩብ ሲሆን አየሩን ከ20 እጥፍ በላይ ይጨቁኑታል።

በእነዚህና በሚመስሏቸው የቆዩ ሞተሮች ላይ ናፍጣውን ከማጠራቀሚያው፣ ማለት ከሰልባትዮው፣ ስቦ የሚያመጣው ራሱ ትልቁ ፖምፓ ነው፤ በሰልባትዮው ውስጥ ሆኖ ናፍጣውን የሚገፋ የኤሌክትሪክ ፖምፓ የለም። ናፍጣው በቱቦ ተስቦ በፊልትሮው ውስጥ ያልፍና ወደ ፖምፓው ይገባል፤ ፖምፓው ለክቶ በቀጫጭን የብረት ቧንቧዎች ወደ ኖዝሎቹ ይልከዋል፤ ኖዝሎቹም ከ100 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይረጩታል። የተረፈው ናፍጣ በሌላ ቱቦ ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል። ፖምፓውን ከውስጥ የሚያለሰልሰውም ይኸው የሚያልፍበት ናፍጣ ነው።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ናፍጣ በሚገፋበት ቧንቧ ላይ ስንጥቅ ቢኖር ናፍጣው ወደ ውጭ ይንጠባጠባልና በዓይን ይታያል። ናፍጣ በሚመጠጥበት ቱቦ ላይ ግን ስንጥቅ ቢኖር ናፍጣ አይወጣም፤ ይልቁንም አየር ይገባል። በዚህ ምክንያት ከሰልባትዮው እስከ ፖምፓው ያለው መስመር ከውጭ ደረቅ ሆኖ መታየቱ ለደኅንነቱ ማስረጃ አይሆንም። ብዙ ጋራዦች «የሚያፈስ ነገር የለም» ብለው የሚያሰናብቱት መኪና በዚሁ በማይታይ በር አየር የሚገባበት ሊሆን ይችላል።

የዘወትር ድካምና የአንዳንድ ጊዜ ድካም

ከሁሉ አስቀድሞ መለየት ያለበት ድካሙ የዘወትር ነው ወይስ የአንዳንድ ጊዜ የሚለው ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከቆላ ወደ ደጋ በወጣ ቁጥር የሚያገኘው አየር ያንሰዋል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጣርማ በር ላይ ጭኖ ሲወጣ ጥቁር ጭስ ቢያሳይና ማርሽ ቢያስቀንስ የተፈጥሮ ነገር እንጂ ብልሽት ላይሆን ይችላል። ከልክ በላይ የተጫነ መኪና፣ በእርጅና ፒስቶኑና ፋሻው ያለቀ ሞተር፣ ፖምፓውን የሚያዞረው ቺንጊያ ጥርስ የዘለለበት ሞተርም ሁልጊዜ ይደክማሉ እንጂ አንድ ሰዓት ደክመው አንድ ሰዓት አይበረቱም።

በአንድ መንገድ፣ በአንድ ዓይነት ጭነት፣ ትናንት የወጣውን ዳገት ዛሬ እንቢ ካለና ነገ ደግሞ ከወጣው ግን ድካሙ የአንዳንድ ጊዜ ነው። እንዲህ ያለው ድካም አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ እርጅና ሳይሆን ለሞተሩ ከሚደርሰው ናፍጣ፣ አየር ወይም ኤሌክትሪክ መቋረጥ የተነሣ ነው። ይህ ለባለንብረቱ መልካም ወሬ ነው፤ ምክንያቱም ሞተር ከማሳደስ ይልቅ መስመር ማጽዳት እጅግ ይቀላል።

በቅድሚያ መዝገብ

ነጋዴ ዕዳና ገቢውን ሳይጽፍ በቃል ቢይዝ ምን እንደሚደርስበት ያውቃል። ለመኪናውም አንዲት ደብተር በጓንት ማኖሪያው ውስጥ ልታኖር ይገባል። ሾፌሩ ድካሙ በመጣ ቁጥር መኪናውን ደኅና ስፍራ አቁሞ የሚከተሉትን ይጻፍ፦

ቀኑንና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር፤ ቦታውን፣ ዳገት ወይም ሜዳ መሆኑን፤ የጭነቱን መጠን፤ ሞተሩ ከተነሣ ምን ያህል ጊዜ እንደ ሆነው፤ የውሃ ሙቀት ማሳያው የት እንደ ደረሰ፤ በሰልባትዮው ውስጥ ያለው ናፍጣ ሙሉ፣ ግማሽ ወይም ሩብ መሆኑን፤ ናፍጣው መቼና ከየት እንደ ተቀዳ፤ የጭሱን ቀለም፤ ኃይሉ ቀስ በቀስ ነው ወይስ በድንገት የወረደው፤ በመጨረሻም ምን ያህል ቆሞ እንደ ተመለሰለት።

ይህ ለአራትና ለአምስት ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ነገሩ ራሱን መናገር ይጀምራል። ድካሙ የሚመጣው ብዙ ናፍጣ በሚጠይቅ ረጅም ዳገት ላይ ብቻ ከሆነና ጥቂት ሲቆም የሚመለስ ከሆነ የናፍጣው መንገድ ጠብቧል። ናፍጣው ሩብ ሲደርስ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ቆሻሻው ወይም ውሃው በሰልባትዮው ሥር ነው፤ አለዚያም መጥጦ የሚያወጣው ቧንቧ ከላይ በኩል ተሰንጥቆ ናፍጣው ሲጐድል አየር ይስባል። ሌሊቱን አድሮ ሲነሣ አስቸግሮ ጥቂት ከተንገዳገደ በኋላ የሚስተካከል ከሆነ በመስመሩ ውስጥ አየር ገብቶ ናፍጣው ወደ ኋላ እንደሚመለስ ያመለክታል። ኮረኮንች ላይ ሲንገጫገጭ በድንገት፣ ቁልፉ እንደ ተዘጋ ሆኖ፣ ጠፍቶ የሚመለስ ከሆነ የኤሌክትሪክ ሽቦ መላላት ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ሞተሩ በጣም ሲሞቅ ብቻ የሚደክምና ትኩስ እንዳለ ካጠፉት በኋላ ለመነሣት የሚያስቸግር ከሆነ ያን ጊዜ ፖምፓው ራሱ ይታሰባል።

የጭሱ ምስክርነት

ጭስ የሞተሩ ምስክር ነው። ኃይሉ ሲደክም ጥቁር ጭስ የሚያወጣ መኪና ናፍጣ ደርሶት አየር አንሶታል፤ ወይም ናፍጣው በኖዝሉ በሚገባ አልተረጨም። ነጭና ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ናፍጣው ሳይቃጠል መውጣቱን ያመለክታል፤ ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ ነው። ነገር ግን ኃይሉ ደክሞ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሳለ ምንም ጭስ የማያወጣ መኪና የሚቃጠል ነገር አልደረሰውም ማለት ነው። ይህ ምልክት ምርመራውን በቀጥታ ወደ ናፍጣው መስመር ስለሚመራ ሾፌሩ በመስታወቱ ጭሱን መመልከት እንዲለምድ ያስፈልጋል።

ገንዘብ የማይጠይቁ ምርመራዎች

መፍቻ ከመነሣቱ በፊት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊመረመሩ የሚችሉ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ነዳጅ መስጫው ነው። በእግር ሥር የተነጠፈው ምንጣፍ ተሸብልሎ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው እንዳይረገጥ አግዶ እንደ ሆነ፣ ሽቦውም ረዝሞ እንደ ሆነ ይታያል። አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ሲረግጥ ሌላው ሰው በፖምፓው ላይ ያለው እጀታ መቆሚያው ድረስ መድረሱን ይመልከት።

ሁለተኛው ሞተሩ ሳይደክም መኪናው የደከመ እንደ ሆነ ማረጋገጥ ነው። የሞተሩ ድምፅ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ጥቂት ከተነዳ በኋላ አንደኛው ጎማ ቸርኬው ከሌሎቹ ይልቅ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ ይዞታል። በሁለቱም ጊዜ ሞተሩ ጥፋት የለበትም።

ሦስተኛው የአየር ፊልትሮው ነው። በበጋ አቧራማ መንገድ የሚሠራ መኪና ፊልትሮው ቶሎ ይደፈናል። ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ከውስጥ ላልቶ እንደ ሆነ ሞተሩ አጥብቆ ሲስብ ወደ ውስጥ ተጣብቆ መንገዱን ይዘጋል፤ ሞተሩ ሲያርፍ ተመልሶ ይከፈታል። ይህ ዓይነቱ ቱቦ ቆሞ ሲታይ ደኅና ስለሚመስል በእጅ ተጨምቆ መፈተን አለበት።

አራተኛው የሰልባትዮው ክዳን ነው። ናፍጣው ሲወጣ በምትኩ አየር ካልገባ በሰልባትዮው ውስጥ መምጠጥ ይፈጠርና ናፍጣው አልወጣ ይላል። ድካሙ በመጣ ጊዜ መኪናውን አቁሞ ክዳኑን መክፈት ነው። አየር እየተሳበ ሲገባ የሚሰማ ድምፅ ካለና መኪናው ወዲያው ከበረታ የመተንፈሻው ቀዳዳ ተደፍኗል፤ መድኃኒቱም ቀዳዳውን ማጽዳት ወይም ለመኪናው የተሠራውን ክዳን መግዛት ብቻ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ምንም ለውጥ ከሌለና መኪናው የሚመለሰው ጥቂት ደቂቃ ሲያርፍ ብቻ ከሆነ ግን ምርመራው ወደሚቀጥለው ይሻገራል።

የናፍጣው መስመር

ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ በፊልትሮው ሥር ይዘቅጣል። በብዙዎቹ የቆዩ ፒክአፖች ላይ ከፊልትሮው ሥር የውሃ ማውጫ፣ ከላዩም የእጅ ፖምፓ አለ። ማውጫውን ጥቂት አላልቶ ከሥሩ ንጹሕ ብርጭቆ በመያዝ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ድረስ በእጅ ፖምፓው መግፋት ያስፈልጋል። የተቀዳው በመስታወት ጠርሙስ ተደርጎ ቢያድር ውሃው ከሥር፣ ናፍጣው ከላይ ተለይቶ ይታያል። ውሃ በብዛት ከተገኘ ወይም ጥቁር ዝቃጭና እንደ ንፍጥ የሚዝለገለግ ነገር ከወጣ ሰልባትዮው ሊታጠብ ይገባዋል፤ ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት ስፍራ ረቂቅ ተሕዋስያን ይራባሉና።

ፊልትሮው ሲለወጥ አዲሱን ከጄሪካን በተቀዳ ናፍጣ ሞልቶ መግጠም ልማድ ሆኗል፤ ነገር ግን ያ ናፍጣ ሳይጣራ ወደ ፖምፓው ስለሚገባ ጉዳት አለው። ባዶውን ገጥሞ በእጅ ፖምፓው መሙላት ይሻላል። ጎሚኒውም በቦታው በደንብ ካልተቀመጠ አየር የሚገባበት ሌላ በር ይሆናል።

ፊልትሮው አዲስ ሆኖ ድካሙ ካልተወ በሰልባትዮው ውስጥ ያለው ወንፊት ይጠረጠራል። ሞተሩ ብዙ ናፍጣ ሲስብ ቆሻሻው ተስቦ ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል፤ ሞተሩ ሲቆም መምጠጡ ስለሚቀር ቆሻሻው ተላቆ ይወድቃል፤ መኪናውም «ዳነ» ይባላል። ከጥቂት መንገድ በኋላ ግን ያው ይደገማል። አንዳንድ መካኒክ መስመሩን ወደ ኋላ በአየር ነፍቶ ይመልሰዋል፤ መኪናው ለጥቂት ቀን በርትቶ ከተመለሰበት ይህ ራሱ ቆሻሻው በሰልባትዮው ውስጥ እንዳለ ያረጋግጣል። ስለዚህ መንፋቱ ምርመራ እንጂ ጥገና አይደለም፤ ሰልባትዮው ወርዶ ካልታጠበ ነገሩ አያልቅም።

የጄሪካኑ ፈተና

ከምርመራዎቹ ሁሉ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ የሚለየው የጄሪካን ፈተና ነው። አንድ ንጹሕ ጄሪካን በታመነ ናፍጣ ይሞላል፤ ወደ ፊልትሮው የሚገባው ቱቦ ከሰልባትዮው መስመር ተነቅሎ በሌላ ንጹሕ ቱቦ ከጄሪካኑ እንዲስብ ይደረጋል፤ ተመላሹም ወደ ጄሪካኑ እንዲገባ ይደረጋል። ጄሪካኑ ከጭስ ማውጫውና ከሚሽከረከር ነገር ርቆ በጭነቱ ስፍራ ላይ በጥብቅ ይታሰራል፤ ከሰው ጋር በጋቢና ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጥም። ከዚያም መኪናው ጭኖ በለመደው ዳገት ላይ ይነዳል።

ድካሙ ከጠፋ ጥፋቱ ከሰልባትዮው እስከ ፊልትሮው ባለው መንገድ ወይም በናፍጣው ላይ ነው። ድካሙ ካልጠፋ ጥፋቱ ከፊልትሮው ወዲህ ነውና ሰልባትዮውን ማውረድ አያስፈልግም። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው በሚሄደው መስመር ላይ አጭር ብርሃን አሳላፊ ቱቦ ቢገባበት ደግሞ የአየር አረፋ እየተንከባለለ ማለፍ አለማለፉ በዓይን ይታያል።

ይህ ፈተና ለሰው ፍርድም ይጠቅማል። በመጀመሪያው ፈተና መኪናው ከበረታ፣ ሁለተኛ ጊዜ ጄሪካኑ ከዚያው ከመኪናው ሰልባትዮ በተቀዳና አድሮ በጠለለ ናፍጣ ይሞላ። በዚያም በርትቶ ከሄደ ናፍጣው ላምባ የተቀላቀለበት ነው ለማለት መነሻ የለም፤ ጥፋቱ የወንፊቱ፣ የቱቦው ወይም የዝቃጩ ነው፤ ሾፌሩም ከሐሜት ነፃ ይወጣል። ላምባ ከናፍጣ ይቀጥናል፣ ፖምፓውንም በሚገባ አያለሰልስምና መቀላቀሉ በእርግጥ የሚጐዳ ነው፤ ነገር ግን መቀላቀሉ በዓይን በማየት ብቻ ሊፈረድበት አይገባም፤ ክብደቱን በመለኪያ መመዘን ያስፈልጋል። በግምት ከሥራ የተባረረ ሾፌር ከሄደ በኋላ መኪናው ያው ሲደክም ቢገኝ ባለንብረቱ የከሰረው ታማኝ ሠራተኛ ነው።

የኤሌክትሪኩ መዝጊያ

በእነዚህ ፖምፓዎች ላይ ኤሌክትሪክ ሲደርሳት የናፍጣውን መንገድ የምትከፍት፣ ሲቋረጥባት የምትዘጋ አንዲት ትንሽ መሣሪያ አለች። ቁልፉ ሲዘጋ ሞተሩን የምታጠፋው እርሷ ናት። ሽቦዋ ከላላ፣ ጫፉ ከዛገ ወይም ፊውዙ በቦታው በደንብ ካልገባ ኤሌክትሪኩ በመንገጫገጭ ይቋረጣል፤ ሞተሩም ድንገት ፀጥ ብሎ ይመለሳል። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ ሽቦዋ ተነቅሎ ሲመለስ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ መሣሪያዋ ትንቀሳቀሳለች። የሽቦውን ጫፍ አጽድቶ ማጥበቅ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ነገር ግን ምልክቱን መለየት ያሻል፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ሞተሩ ይጠፋል እንጂ በዝግታ አይደክምም።

ፖምፓና ኖዝል በመጨረሻ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ፖምፓውና ኖዝሎቹ ይታያሉ። ያለቀ ፖምፓ ዋና ምልክቱ ሲቀዘቅዝ ደኅና፣ ሲሞቅ ደካማ መሆኑ ነው፤ ናፍጣ ሲሞቅ ስለሚቀጥን ባለቁት ክፍሎች መካከል ሾልኮ ይቀራል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና በሙቀትና በረጅም ዳገት አንድ ላይ ስለሚፈተን ይህ ዓይነቱ ድካም በእንዲህ ያለው መንገድ ላይ ጐልቶ ይታያል። ትኩስ እንዳለ ጠፍቶ አልነሣ ያለ ሞተር በፖምፓው ላይ በውሃ የራሰ ጨርቅ ተደርጎበት ጥቂት ሲበርድ ከተነሣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ግን ብረቱን በድንገት አጥብቆ ፖምፓውን ሊያስይዘው ስለሚችል አይገባም።

የፖምፓና የኖዝል ሥራ የመለኪያ መሣሪያ ባለው ልዩ ጋራዥ መከናወን አለበት። በእጅ ግምት ብሎኑን አዙሮ ናፍጣውን ማብዛት ለጊዜው ኃይል ይሰጣል፤ ነገር ግን ጭስ፣ ከልክ ያለፈ ሙቀትና የናፍጣ ፍጆታ አብረው ይመጣሉ። ከኖዝል የሚረጨው ናፍጣ የሰው ቆዳ ሰንጥቆ ሊገባ ስለሚችልም እጅና ፊት ወደ እርሱ መቅረብ የለባቸውም።

ይህ ሁሉ የተነገረው ለቆዩት መኪናዎች ነው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩ ብዙ ባለናፍጣ መኪናዎች ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት በአንድ የጋራ ቧንቧ አጠራቅመው በኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚረጩ ናቸው። የእነርሱን ቧንቧ ሞተሩ እየሠራ ማላላት ለሕይወት አደገኛ ነው፤ ምርመራቸውም የሚጀመረው ኮምፒዩተሩ የያዘውን የብልሽት ቁጥር በማንበብ ነው። ማጣራትና ውሃ ማውጣት ግን ለእነርሱ ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል።

ከጋራዥ ጋር ስለሚደረግ ውል

ባለንብረቱ መኪናውን ለጋራዥ ሲያስረክብ «ኃይል የለውም፣ ጠግኑልኝ» ማለት አይበቃውም። የሾፌሩን ደብተር ቅጂ አብሮ ይስጥ፤ «ጭኖ ረጅም ዳገት ሲወጣ፣ ናፍጣው ሩብ ሲደርስ፣ ያለ ጭስ ይደክማል፤ አሥር ደቂቃ ሲያርፍ ይመለሳል» የሚል አንድ መስመር የብዙ ሰዓት ፍለጋ ያድናል። አንድ ዕቃ ተለውጦ በዚያው ዳገት፣ በዚያው ጭነት ሳይፈተን ሌላ ዕቃ እንዳይለወጥ በጽሑፍ ይስማሙ። ሦስት ዕቃ ባንድ ቀን ተለውጦ መኪናው ቢድን እንኳ የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም፤ ቢመለስበት ደግሞ የት እንደሚጀመር አይታወቅም። የተለወጡትን አሮጌ ዕቃዎችም ተረክቦ ማየት የባለንብረቱ መብት ነው፤ አሮጌ ፊልትሮ ተቀዶ ሲታይ በውስጡ ያለው ዝገትና ጭቃ የሰልባትዮውን ሁኔታ ይናገራል።

አስቀድሞ መጠበቅ

ከበርሜል ናፍጣ የሚቀዳ ነጋዴ በርሜሉን ከማንቀሳቀስ በኋላ አንድ ቀን አሳርፎ፣ መቅጃውም ሥሩን እንዳይነካ አድርጎ በወንፊት አጣርቶ ይቅዳ። ሰልባትዮው ባዶነቱ በበዛ መጠን በሌሊት ቅዝቃዜ የአየሩ እርጥበት ውሃ ሆኖ ይንጠባጠብበታልና ከተቻለ ማታ ሞልቶ ማሳደር ይጠቅማል። የፊልትሮው ውሃ በየጊዜው ይውጣ፤ በክረምትና ከገጠር ናፍጣ በተቀዳ ጊዜ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይታይ። የጎማ ቱቦዎችና ማሰሪያዎቻቸው ዕድሜያቸው ሲገፋ ከመሰንጠቃቸው በፊት ይለወጡ። አንድ የናፍጣ ፊልትሮ፣ ጥቂት ቱቦና ማሰሪያ በመኪናው ውስጥ ይኑር።

የመለዋወጫ ዕቃ አስመጪዎችና ባለሱቆችም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። «ፖምፓ አለ?» ብሎ ለመጣ ደንበኛ በመጀመሪያ «ፊልትሮውና ቱቦው ታይቷል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለሱቅ ለጊዜው ከትልቅ ሽያጭ ይልቅ ትንሹን ይሸጥ ይሆናል። ነገር ግን ውድ ዕቃ ገዝቶ መኪናው ያልዳነለት ደንበኛ ዳግመኛ ወደዚያ ሱቅ አይመለስም፤ በጥቂት ገንዘብ የዳነለት ግን ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። መኪና በሽታውን አይደብቅም፤ በየዳገቱ፣ በየሰዓቱና በየጭሱ ይናገራል። የሚናገረውን የሚጽፍለት ካገኘ ሾፌሩ ከሐሜት፣ መካኒኩ ከግምት፣ ባለንብረቱም ከከንቱ ወጪ ይድናል፤ ዕቃውም በቀጠሮው ቀን ከደንበኛው ደጅ ይደርሳል።